አፌን ከመክፈቴ በፊት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን፣ ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ዘንገና ሐይቅ ዳር የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ለሌላው የሚጠቅም አንድ ነገር ከሕይወትሽ አካፍይን» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ጥርስ ሕክምና እንደምናገር ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። አንዱ የኮሚቴ አባል በትሕትና «ስለ ሥራ ልምድሽ ቢሆንስ?» አለኝ። እኔም አልሁት፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ያስተማርሁት በአፌ ነው፤ አፌ መከፈት ካቃተው የምን የሥራ ልምድ ነው የምነግራችሁ?» ስለዚህ ታገሡኝ። ከመካከላችን በወገብ፣ በጉልበት፣ በነርቭ፣ በራስ ምታት ለዓመታት የሚሠቃይ ስንት ሰው እንዳለ ከዚህ ቆሜ አይታየኝም። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሆድ እያዘነም ይስቃል። አንድ ቀን ግን ያ የሚስቀው ጥርስ ራሱ ይታመማል። የዛሬው ነገሬ ስለዚያ ቀን ነው።

ኮሚቴው ይህን ቦታ በመምረጡ አመሰግናለሁ፣ ቅር ብሎኛልም። ዘንገና ውብ ነው። እሳተ ገሞራ ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ፣ 166 ሜትር ጥልቀት አለው የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ። ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ወሩም ጥር ነው። የእኔ ጣቶች ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ነው የት እንዳለን የነገሩኝ።

ሕመሜ በአገራችን ቋንቋ ቁርጥማት ነው። በሐኪም ቤት ስሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ከያዘኝ አሥራ አራት ዓመት ሆነ። ጠዋት ጣቶቼ ለመታጠፍ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። ጠመኔ መያዝ የተውሁት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ ባዋለው አዲሱ የበሽታዎች መመደቢያ ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን የቻለ ምድብ ሰጥቶታል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ምንም የለብሽም፣ ራጅሽ ንጹሕ ነው» እየተባለ የኖረ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው። ሕመም የቤት ጠባቂ ውሻ ነው እንበል። ጤነኛ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሌባው ሲሄድ ዝም ይላል። ለዓመታት ሲጮኽ የኖረ ውሻ ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ነርቭም እንደዚሁ ነው፤ ለሌላው ቀላል የሆነው መርፌ፣ ለሌላው ምንም ያልሆነው አፍን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ በእኛ ላይ ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህ ፍርሃት ወይም ቅብጠት አይደለም። የጥርስ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ግን ቅብጠት ሊመስለው ይችላል።

ታዲያ ቁርጥማት ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ነገር። የታችኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ለፊት ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያም እንደ ጉልበት ያለ መገጣጠሚያ ነው፤ ቁርጥማቱ እሱንም አይምርም። በመንገጭላዬ ላይ ሲወርድ አፌ መጥበብ ጀመረ። ከቁርጥማት ጋር አብሮ የሚመጣ የአፍና የዓይን ድርቀትም አለ፤ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ጠባቂ ያጣል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ለሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም፣ ለምሳሌ ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ አፍ ያደርቃሉ። የደረቀውን አፍ እኛ በምን እናርሰዋለን? ስኳር በበዛበት ሻይ! ይህንን የጥርስ ሐኪሜ ስትነግረኝ ሳቅሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ እጅ አለ። ጣት የማይታጠፍለት ሰው መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አጥብቆ አይዝም። የእኔን ብሩሽ እጀታ የሠፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ በካላማዳሪ ጠቅልሎ አወፍሮልኛል፤ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይዤላችሁ እመጣ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት የቀኝ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ታመመ። በዚያው ሰሞን የቁርጥማት ሐኪሜ አጥንቴን አስመርምሮ መሳሳቱን አይቶ ነበር። ለዓመታት የወሰድሁት ፕሬድኒሶሎን አጥንት ያሳሳል። አጥንት የሚያጠነክር አሌንድሮኔት የሚባል መድኃኒት ሊጀምርልኝ አሰበና መጀመሪያ ጥርሴን እንድጨርስ አዘዘኝ። ምክንያቱም ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀልለት፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ የመንጋጋው አጥንት ሳይድን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አጥንቴ ጥርሴን ይጠብቅ ነበር፣ ጥርሴ ደግሞ እኔን።

መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ ውስጥ ባለሙያው «ክፈቺ» አለኝ። የምችለውን ያህል ከፈትሁ። «ሰፋ አድርጊ እንጂ» አለኝ። አልቻልሁም። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛው፤ አንገቴ ጮኸ፣ እኔም ጮኽሁ። «እንዲህ ከሆነ ምንም ልሠራልሽ አልችልም፤ ከፈለግሽ ይነቀል፣ እሱንም ሌላ ቦታ» ብሎ ጓንቱን አወለቀ። በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር የትም አልሄድሁም፤ በአንድ ጎኔ እያኘክሁ፣ በቅርንፉድ እያስታገሥሁ ቆየሁ። በነገራችን ላይ ቅርንፉድ ቀልድ አይደለም፣ በውስጡ ያለውን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል። ሕመሙን ያዳፍናል እንጂ የበሰበሰውን ግን አያድንም።

የቀየረኝ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ናት። ነርስ ሆናለች፣ አሁንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ ሳይዘጋጁ የመጡትን ተማሪ ፈተና ያስገቡ ነበር እንዴ?» አለችኝ። በራሴ ጠመኔ መታችኝ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ዝግጅት ጀመርሁ።

መጀመሪያ ደብተር ያዝሁ። ለአንድ ሳምንት የፊቴንና የአፌን ሕመም ጻፍሁ፤ መቼ፣ የት፣ በምን ተቀሰቀሰ። ሕመም የለመደ ሰው ትልቁ ችግሩ አዲሱን ሕመም ከአሮጌው መለየት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ሕመም እንዳለብኝ ታየኝ። አንዱ ከጆሮዬ ፊት ለፊት፣ በሁለቱም ጎን፣ ጠዋት ሲበረታ ቀትር ላይ የሚላላ፤ እሱ የመንገጭላ ቁርጥማት ነው። ሁለተኛው በአንድ ጥርስ ላይ፣ ትኩስ ቡና ሲነካው ተነሥቶ ቡናው ካለፈ በኋላም የሚቆይ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፤ እሱ ጥርስ ነው። ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። የፊት ነርቭ ሕመም የሚባል አለ፤ ፊት ሲታጠብ ወይም ነፋስ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚመታ። ብዙ ጊዜ የጥርስ ሕመም መስሎ ጤነኛ ጥርስ አንድ በአንድ ያስነቅላል፤ ሕመሙ ግን አይቆምም። መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ነው እንጂ ጉጠት አይደለም። ሦስት ጥርስ ነቅለው ሕመሙ እዚያው ያለ ሰው በመካከላችን ካለ፣ አራተኛውን ከማስነቀሉ በፊት የነርቭ ሐኪም ይይ።

ቀጥሎ ወረቀቱ። በአገራችን ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለምና ከሐኪሜ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ አስጻፍሁ፤ የሕመሜ ስም፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ አንገቴን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ፣ መጨረሻ ላይ የሐኪሜ ስልክ። ከዚያ በፊት የደም ምርመራ አድርጌያለሁ፤ ነጭ የደም ሴልና ለደም መርጋት የሚያስፈልገው ፕላትሌት የቁርጥማት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ሊወርድ ይችላልና።

ስለ መድኃኒት ትንሽ ቆም ልበል፤ ሰው የሚጎዳበት እዚህ ላይ ነው።

ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የእኔ ቅዳሜ ነው። አንድ ሰው በስሕተት «በቀን» ብሎ ቢጽፈው ሕይወት ያጠፋል። ለዚህ ነው ወረቀቴ ላይ «በሳምንት አንዴ» የሚለው ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። ከዚህ መድኃኒት ጋር ኮትሪሞክሳዞል፣ እኛ ባክትሪም የምንለው፣ ከተደረበ የደም ማምረቻውን የአጥንት መቅኔ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አሞክሳሲሊንም ሜቶትሬክሴት ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት። እንግዲህ ጥርስ ያበጠበት ሰው መጀመሪያ የሚታዘዝለት፣ ወይም ከፋርማሲ በራሱ የሚገዛው ምንድን ነው? ጸረ ባክቴሪያ ነው! ካርባማዜፒን የሚወስዱም ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን መድኃኒቱን በደማቸው ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግባቸው ይወቁ።

ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ለጥርስ ብሎ ድንገት አያቋርጠውም። ሰውነት የራሱን ማምረት ትቶ መድኃኒቱን የሚጠብቅ ስለሆነ ድንገት ሲጠፋበት ይዝላል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሊሞትም ይችላል። በቀጠሮው ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው ይዋጣል። ጸበል የምትሄዱም ጸበሉን ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ያዙ። ሌላም ጠባይ አለው፤ እብጠትንና ትኩሳትን ይሸፍናል። ጥርሱ መግል ይዞ ፊቱ ያላበጠ ሰው ደኅና አይደለም፣ የተሸፈነ ነው እንጂ።

ዳይክሎፌናክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከቡና ቀጥሎ አገር የሚጠቀምበት ነገር ነው። ሐኪሙ ለጥርስ አይቡፕሮፌን ሲያዝ እኔ ደግሞ ቤቴ ዳይክሎፌናክ እየዋጥሁ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም ወሰድሁ ማለት ነው። ከፕሬድኒሶሎን ጋር በባዶ ሆድ ከሆነማ ጨጓራን አድምቶ ሰው ይጥላል። የጾም ወራት ላይ ቀጠሮ የምትይዙ ይህን አስቡ። እኔ ነፍስ አባቴን ጠየቅሁ፤ ለሕመምተኛ መድኃኒቱን በምግብ መውሰድ እንደማያስቀይም ነገሩኝና ከልቤ ሸክም ወረደ። ፓራሲታሞልም ለአዋቂ በቀን ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን አይበልጥም፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስላለ እሱም ይቆጠራል። ትራማዶል የምትወስዱ ደግሞ አትደብቁ። ብዙ ሰው «ሱሰኛ ይለኛል» ብሎ ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፤ መድኃኒቱን የደበቀ ደግሞ ማደንዘዣ የለውም።

ሐኪም አይደለሁም፤ ከላይ ያልሁትን ሁሉ ለመጠየቂያ እንጂ ለራስ ማዘዣ አትውሰዱት። ምን ይቀጥላል ምን ይቆማል የሚለውን የሚወስነው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ነው።

ነገ ጥር 23 ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለእሱም ጭምር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልቀየምም። ነገ ከመካከላችሁ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ካለ ተመልከቱት። ፈረስ ገዢ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ዕድሜውን ይገምታል። ግን እዚያ ላይ አያበቃም፤ ያስኬደዋል፣ ያስሮጠዋል፣ እግሩን ያነሣል፣ ጀርባውን ይዳብሳል። እኛ የምንሄድባቸው የጥርስ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የፈረሱን አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረውን አካላችንን በወረቀት ይዘን እንግባ እላለሁ።

አሁን እስቲ ሁላችሁም ሦስት ጣታችሁን አንድ ላይ አጣምራችሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አቁማችሁ፣ በላይና በታች የፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አስገቡ። አይዟችሁ፣ ማንም አያይም! (ሳቅ) ለአብዛኛው ሰው ሦስቱ ይገባሉ። ለእኔ በደህናው ቀን ሁለት፣ በክፉው ቀን አንድ ተኩል። ቀጠሮ ስይዝ በስልክ የነገርኋት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ «ዶክተር፣ አፌ ሁለት ጣት ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከፍቼ መቆየት አልችልም፤ ይሠሩልኛል?» እሷም «በአንድ ቀን የሚያልቀውን በሦስት ቀን እንከፍለዋለን፤ ትንሽ ጫፍ ያለው መሣሪያ አለ» አለችኝ። ያቺ አንዲት የስልክ ጥያቄ ከዚያ በፊት የነበረውን ሰባት ወር አጠፋች።

የጥርስ ሥር ሕክምናውን ያገኘሁት ባሕር ዳር ነው። ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፣ በዳንግላ በኩል ሽው ነው። ለእኔ ግን ሚኒባስ ውስጥ ታጥፎ መቀመጥ ራሱ አንድ ሕክምና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ሄጄ እኅቴ ቤት አደርሁ። ሰዓቱንም መረጥሁ። ጠዋት በ2 ሰዓት እኔ ገና አልተፈታሁም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እደክማለሁ። 4 ሰዓት ተኩል የእኔ ሰዓት ነው። ወረፋ በሌሊት በሚያዝበት ቦታ ቢሆን የእኅቴ ልጅ ቀድሞ እንዲቆምልኝ ተስማምተን ነበር። በዋዜማው ቆሎ፣ ጥብስ፣ ጠንካራ ነገር አልበላሁም፤ መንገጭላዬን ለነገ አሳረፍሁት። ጠዋት አጥሚት ጠጣሁ፣ መድኃኒቴን ዋጥሁ፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለሩብ ሰዓት ጉንጮቼ ላይ ያዝሁ።

ጋቢ ይዤ ነው የገባሁት። አስተናጋጇ በርዶኝ መስሏት መስኮት ዘጋችልኝ፤ እግዜር ይስጣት፣ ጋቢው ግን ለአንገቴ ነበር። ቁርጥማት ለረጅም ጊዜ የኖረበት ሰው ላይኛው የአንገት አጥንቱ ሊላላ ይችላል፤ ራስን ወደ ኋላ አጥፎ ማቆየት አደገኛ ነው። ጋቢዬ ተጣጥፎ ከአንገቴ ሥር፣ የእኅቴ ነጠላ ከጉልበቴ ሥር ገባ፤ ወንበሩም በግማሽ ብቻ ተዘነበለ። ሐኪሟ በወገቧ ጎንበስ ብላ ሠራች፤ ለእሷ የማይመች እንደነበር አውቃለሁ።

ምልክትም ተስማማን። የጥርስ ሐኪም ሁሉ «ካመመዎት እጅዎን ያንሡ» ይላል። የእኔ ትከሻ አይነሣም! ስለዚህ የቤቴን ቁልፍ በእጄ ያዝሁ፤ ካንቃጨልሁት ትቆማለች። ሁለት ጊዜ አንቃጭያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆማለች። መቆሟን ካረጋገጥሁ በኋላ ሦስተኛ አላስፈለገኝም። በመንጋጋዎቼ መካከል ትንሽ የጎማ መደገፊያ አስገባችልኝ፤ ጡንቻዬ መክፈቱን ትቶ ጎማው ላይ ያርፋል። በየአሥር ደቂቃው ታወጣውና አፌን እዘጋለሁ። ይህ ጎማ በዓለም ላይ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ብቻ መጠየቅ አለበት።

ስለ ማደንዘዣው ደግሞ አንድ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ሆሬስ ዌልስ የሚባል የጥርስ ሐኪም፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለና ሳያመው ቀረ። በ1846 ደግሞ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ዊልያም ሞርተን፣ እሱም የጥርስ ሐኪም፣ በቦስተን በኤተር አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና በአደባባይ አሳየ። ዛሬ ልብ የሚከፈተው፣ እናት በቀዶ ሕክምና የምትወልደው ከዚያ ወዲህ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የሰው ልጅ ከሕመም መዳንን በአብዛኛው የተማረው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው። እኛ ግን ዛሬም በጣም የምንፈራው እዚያው ቤት መሆኑ ይገርመኛል።

ለእኛ ለሕመምተኞች ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መግል የያዘ፣ የተቆጣ ጥርስ አካባቢው አሲድ ስለሚሆን ሊዶኬይን በደንብ አይሠራበትም። «ሲብስብኝ እሄዳለሁ» የሚለው ሰው ማደንዘዣው በጣም በሚደክምበት ቀን ነው የሚሄደው። ባለፈው ጊዜ ማደንዘዣ ካልያዘላችሁ ተናገሩ። ሐኪሟ መርፌውን ወግታ አሥር ደቂቃ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ነገር ነካክታ አረጋገጠች፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጨመረች፣ ከዚያ ጀመረች። ያ አሥር ደቂቃ ከመላው ሕክምና ውስጥ የከበረው ደቂቃ ነበር። አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱም ይህን ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ከማደንዘዣው ጋር የሚቀላቀለው አድሬናሊን መጠኑ ይታሰብበታል።

ከሕክምናው በኋላ ስላለው ብዙ አልልም። ቁርጥማቱ ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ ሊነሣ እንደሚችል ስለማውቅ ለሁለት ቀን ተተኪ መምህር አስይዤ ነበር፤ ተነሣም። የባንጃ ድንች ተቀቅሎ ተፈጭቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ፣ ለብ ያለ ሽሮ በላሁ። ጥርስ ያስነቀለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ቡና አይጠጣ፣ አይጉመጥመጥ፣ የረጋውን ደም በጣቱ አይነካካ፤ በማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ ይጉመጥመጥ። አረቄ መያዝ የሚባለውን ተዉት። የላይኛውን ቆዳ ያቃጥላል፤ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰውማ ጉበቱንም ይጎዳበታል። ወጌሻ ጋ የምትሄዱም፣ ወጌሻ ለወለምታ ያለውን ክብር አልነካም፤ ግን ደሙ የሳሳ፣ አጥንቱ የሳሳ፣ የመከላከያ ኃይሉ በመድኃኒት የወረደ ሰው ጥርስ ለጉጠት ብቻ የሚሰጥ አይደለም።

ሦስቱ ቀጠሮዎች በስድስት ሳምንት አለቁ። ጥርሱ አሁንም አፌ ውስጥ አለ፣ አሁን በእሱ ነው የማወራችሁ። አሌንድሮኔቱም ተጀመረ።

ለእናንተ ለመምህራኖቻችን፣ በተለይ በጤና ሳይንስ በኩል ላላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ወንበር ላይ ላለው ሰው የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ጥርስ?» ነው። ከእሱ በፊት ሦስት ጥያቄ አስቀድሙላቸው፤ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ፣ አፍህን ምን ያህልና ለምን ያህል ጊዜ መክፈት ትችላለህ፣ አንገትህና ጀርባህ እንዴት ቢደገፍ ይሻልሃል። ይህን ለመጠየቅ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፣ በጀት አያስጠይቅም፣ ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል። ሦስቱን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ከዚያ በር እንደዚያ ሆኜ አልወጣም ነበር።

እኔ ይዤው የገባሁትን ወረቀት ስሜንና ስልኩን አጥፍቼ፣ ባዶ ቦታዎቹን ትቼ 100 ቅጂ አባዝቻለሁ። ቡናው የሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ለራሳችሁ አንድ፣ ሕመሙን ለማይናገረው ዘመዳችሁ ሌላ አንድ ውሰዱ። ነፋስ ስላለ ድንጋይ ጭኜበታለሁ፤ ስታነሡ መልሱት።